ቦቃ የምታውቀው ሹራብ

እናቴ የሞተችው ሰኔ ውስጥ ነው። በተቀበረች ማግስት ጠዋት ቦቃ ወተቷን ያዘች።

ቦቃ ላማችን ናት። ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፤ ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። ቤታችን ካዛንቺስ ነበር፤ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ከፎቆቹ ጀርባ። ካዛንቺስ ላም ነበረን ስል ሰው ይስቅብኛል። "የት? ሊፍት ውስጥ?" ያለኝም አለ። ግን ነበሩን። አያቴ ካቆየው ሰፊ ግቢ ከተረፈችው ቁራጭ መሬት ላይ የቆርቆሮ በረት ነበረን፤ እዚያ ውስጥ ሁለት የፈረንጅ ላሞችና ቦቃ ጎን ለጎን ይታሰሩ ነበር። ከበረቱ ጣሪያ በላይ የአንድ ትልቅ ሆቴል መስኮቶች ይታያሉ። አንዳንድ ጠዋት መጋረጃ የሚከፍት እንግዳ ቁልቁል ያየንና ደርቆ ይቀራል። እናቴ እጇን ታወዛውዝለታለች። እኔ ላሞቹ ጀርባ እደበቃለሁ።

ዓይን አፋር ነኝ። ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል በኋላ፣ እናቴ ወገቧን ሲያማት ነው። ብዙም አልከፋኝም። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ "አቤት" ለማለት እንኳ አፍር ነበር። በረት ውስጥ ማንም ስም አይጠራም። እበት ትዝቃለህ፣ ድርቆሽ ትበትናለህ፣ ፉርሽካውን ከአተላው ጋር ታማታለህ፤ ላም ደግሞ ያንን ካደረግክላት ሌላ ነገር አትጠይቅም። አተላውን የምናመጣው ከሰፈሩ ጠላ ቤቶች ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለት ባልዲ ይዤ ስሄድ የአንዱ ጠላ ቤት ባለቤት ከውስጥ ሆና "መጣሽ የኔ ዝምታ?" ትለኛለች። መልስ አትጠብቅም፤ ትቀዳልኛለች።

ወተቱን ለደንበኞች የማደርሰውም እኔ ነበርኩ። ወደ ኡራኤል መውረጃው ላይ ያለ የአንድ ካፌ ባለቤት ጣሳውን ሲቀበለኝ ሁልጊዜ "ዛሬ ስንት ቃል ይዘሽ መጣሽ?" ይለኛል። "ሁለት" እለዋለሁ። "ምን ምን?" ይላል። "ደህና አደርክ" ብዬው እወጣለሁ። ከጀርባዬ ማኪያቶ የሚጠጡት ሰዎች ሲስቁ ይሰማኛል፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም።

የእናቴ ነገር ወፍ ነው። ይህንንም ስናገር ሰው አያምነኝም። ማለቡ ሲያልቅ፣ ወተቱ ተጣርቶ ጣሳ ውስጥ ሲገባ፣ እናቴ ባልዲዋን ገልብጣ ከፍጉ ክምር አጠገብ ትቀመጣለች፤ መነጽሯን ታነሳለች። መነጽሩ የሩቁን የሚያቀርበው ዓይነት ነው። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የኖረ የአስጎብኚ መኪና ሹፌር ቤቱን ሲለቅ ትቶላት የሄደው ነው። አንደኛው ዓይኑ ተሰብሯል። አባቴ "የተሰበረ ዕቃ ሰጥቶሽ ሄደ፣ አንቺ ደግሞ መረቅሽው" እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷ "አንዱ ዓይኔ ለላሞቹ ይሁን፣ አንዱ ለወፎቹ" ትለዋለች።

የሚመጡትን ወፎች ሁሉ ታውቃቸዋለች። ስማቸውን ማለቴ አይደለም፤ ጭላት፣ ቁራ፣ ዋኔ፣ ሳቢሳ ከሚባሉት በቀር ለሌሎቹ ስም ያወጣችላቸው ራሷ ናት። ጠዋትና ማታ መንቆሩን እንደ ማጭድ አጉብጦ እየጮኸ በላያችን የሚያልፈውን ትልቅ ወፍ "ባለጉዳዩ" ትለዋለች። "አየሽው? ዛሬም ጉዳዩ አላለቀለትም፣ እንደገና ሊሄድ ነው" ትላለች። ነጫጮቹ ሳቢሳዎች ከወንዙ ተነስተው ይመጣሉ፤ ላሞቹን ግቢው ውስጥ ስናንቀሳቅሳቸው ከእግራቸው ሥር የሚነሳውን ነፍሳት ይለቅማሉ፣ ሲደክማቸው ጀርባቸው ላይ ይወጣሉ። ቦቃ ሳቢሳ ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ አትንቀሳቀስም። እናቴ "እንግዳ አክባሪ ናት" ትላለች።

ከሁሉ የምትወዳት ግን አንዲት ትንሽ ወፍ ነበረች። ሆዷ ቢጫ ነው፤ ጅራቷን ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዘች በላሞቹ እግር መካከል እየሮጠች ዝንብ ትይዛለች። ክረምቱን ሙሉ አትታይም። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ አደይ አበባ ሲፈካ፣ አንድ ቀን ጠዋት ድንገት በረቱ ደጃፍ ላይ ትገኛለች። እናቴ "እንግዳዬ" ትላታለች። ያ ሹፌር "እማማ፣ ይቺ ወፍ እኮ የምትመጣው ከአውሮፓ ነው፣ ብርዱን ሸሽታ" ብሎ ነግሯታል። እናቴ ይህንን ከሰማች በኋላ ለወፏ ያላት ክብር ጨመረ። "ያን ሁሉ አገር አልፋ የኛን እበት መርጣ!" እያለች ትደነቅ ነበር።

የቦቃ ነገር እንዲህ ነው። እናቷ የሀበሻ ላም ነበረች፤ ጠባይዋ ከእናቷ ነው። የፈረንጆቹን ላሞች ማንም ያልባቸዋል። የሀበሻ ደም ያለባት ላም ግን ጥጃዋ ካልቀረበላት ወተት አታወርድም። የቦቃ ጥጃ ገና ጡት እየጠባ ሞተባት። ላሟ ግቢውን በጩኸት ሞላችው። ግቷ ተወጥሮ ድንጋይ ሆነ፤ ሊነካት የሚሞክረውን ሁሉ ትረግጣለች። አንዳንዶች እንደ ድሮው የጥጃውን ቆዳ ገፈን ገለባ ሞልተን ፊቷ እንድናቆም መከሩን። እናቴ "አላታልላትም" አለች። በምትኩ ፊቷ ተቀመጠች። እበት መዛቂያውንም ምኑንም ትታ፣ በመዳፏ ጨው ይዛ፣ ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ትውላለች። ቦቃ ጨዉን ስትልስ የእናቴን የሹራብ እጅጌ አብራ ትልሳለች። አንድ ቀን፣ እየላሰቻት ሳለ፣ ወተቷ ራሱ መንጠብጠብ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥጃ አልፈለገችም። ሁልጊዜ ከመታለቧ በፊት አንገቷን አዙራ የእናቴን ክንድ ትልሳለች፤ ልክ ጥጃ እንደሚላሰው፣ ከክርን ወደ ላይ። ሹራቡ አረንጓዴ ነበር። ክርኑ ላይ በምላሷ ሻካራነት ሳስቶ ክሩ ብቻ ቀርቷል።

ለዚህ ነው እናቴ ስትሞት ወተቷን የያዘችው።

ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። ለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች እየገቡ ነው። አባቴ ራሱ ባልዲ ይዞ ወደ በረቱ ገባ፤ ባልዲው ተገልብጦ ሲንኳኳ ድንኳኑ ውስጥ ተሰማ። ወጥቶ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ "እንቢ አለች" አለ። በነጋታው እኔ ሞከርኩ፤ አሸተተችኝና ፊቷን አዞረች። የጎረቤታችን ሰውዬ፣ በወጣትነታቸው ገጠር ከብት የጠበቁ ናቸው፣ መጥተው እያፏጩ፣ እያሻሹ ለመኗት። ጉልበታቸውን መታቻቸው። እያነከሱ ሲወጡ "ይቺ ላም ሐዘን ተቀምጣለች፤ እናንተ ቢያንስ ንፍሮ በልታችኋል" አሉ። ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ሳቀ፤ ከዚያ እያለቀሰ መሆኑን አየን።

ግቷ እንደገና ድንጋይ ሆነ። እንዲህ ከቆየ ጡቷ ይታመማል፣ ከዚያ ነጠፈች ማለት ነው። የነጠፈች አሮጊት ላም ደግሞ ወዴት እንደምትሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ቄራ ከኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም፤ በእግር ይነዳሉ።

ሹራቡን ያገኘሁት በረቱ ውስጥ፣ ድርቆሹ ጀርባ ያለ ምስማር ላይ ነው። እናቴ ካለበች በኋላ የምታወልቀው እዚያ ነው። ቤት ውስጥ አይገባም፣ ይሸታል። ለብሼው ብዙ ቆምኩ። ሽታው ወተት፣ እበት፣ የራስ ቅቤና የሷ ላብ ነው። ከዚያ ባልዲውን ይዤ ቦቃ አጠገብ ተቀመጥኩ። አሸተተችኝ፤ ትንፋሿ አንገቴ ውስጥ ገባ። ፊቴን ቀና ብላ አየችኝና እንደገና እጅጌውን አሸተተች። ፊቴ እንዳላታለላት አውቃለሁ፤ ማን እንደሆንኩ ታውቃለች። ግን አንገቷን አዞረችና ከክርኔ ወደ ላይ ላሰችኝ። ወተቱ ወረደ። የመጀመሪያው ወተት ባልዲው ውስጥ ሲጮህ አባቴ ከውጭ ሰምቶ በረቱ በር ላይ መጣ። እኔን ሳይሆን ሹራቡን ነበር የሚያየው።

በአርባዋ አክስቴ ከመስቀል ፍላወር መጣች፤ የእናቴን ልብስ ለነዳያን ለመስጠት። የሟች ልብስ ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ቀሚሶቿን፣ ነጠላዋን፣ ጫማዋን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ሞላች። ተጣጥፎ ሲወጣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ማንጠልጠያዎቹ ብቻ ሲወዛወዙ አየሁ። አክስቴ ምንም እንዳይቀር ብላ በረት ድረስ ገባች፤ ምስማሩ ላይ ያለውን ሹራብ አንስታ "ይሄስ?" አለችኝ።

"እሱ የቦቃ ነው" አልኳት።

"የላም ልብስ መቼ ጀመራችሁ?"

"እሱን ካልለበስኩ አትታለብም።"

አክስቴ ሹራቡን በሁለት ጣቷ እንደያዘች ቦቃን አየቻት፤ ከዚያ እኔን። "ሁለታችሁም የሷው ናችሁ" አለችና መልሳ ሰቀለችው። ከእናቴ ልብስ የቀረው እሱ ብቻ ሆነ።

ክረምቱን ሙሉ እየለበስኩት አለብኩ። ከታለበች በኋላ እንደ እናቴ ባልዲውን ገልብጬ መነጽሩን አነሳለሁ። የማየው ነገር ግን ብዙም አልነበረም፤ ዝናብ ነው። ሳቢሳዎቹ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው የግንቡ ጫፍ ላይ ይቆማሉ። "ባለጉዳዩ" ግን ዝናብ አይከለክለውም፤ እየጮኸ ያልፋል። ጉዳዩ አላለቀለትም እላለሁ በሆዴ፣ የሚሰማኝ ሰው ስለሌለ።

መስከረም ሲገባ ሰፈሩ እንደሚነሳ ተነገረን። መቼም ሲወራ የቆየ ነገር ነው። ከታች ያሉት ቤቶች ቀድመው ፈርሰው ነበር፤ አሁን ተራው የኛ ሆነ። ምትክ ቤታችን ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ደረሰን። አባቴ ወረቀቱን ይዞ ገብቶ ግርግሙ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። "ቤቱ ጥሩ ነው አሉ። ውሃ አለው። ሽንት ቤቱም ለብቻ ነው" አለኝ። ከዚያ ላሞቹን አየ።

ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ጭነው ሄዱ። ቆርቆሮው ተነቅሎ፣ ጭቃው ፈርሶ፣ መሬቱ ሲገለጥ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ፤ ወፎቹ በዙ። ፍርስራሹ ውስጥ ጉንዳን አለ፣ የፈሰሰ እህል አለ፣ ግቢዎቹ ውስጥ ተደብቆ የኖረ አበባ ሁሉ ብቻውን ቆሞ ቀርቷል። በሰው ጓሮ የነበረ አደይ አበባ አሁን የማንም አይደለም። የሰው ድምፅ ባለቀበት ቦታ በዚያች የመስከረም ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ወፍ ይንጫጫል። ቀያዮቹ የመስቀል ወፎች ትናንት የሰው ሳሎን በነበረው ቦታ ላይ ሰንበሌጥ ጫፍ ይዘው ይወዛወዛሉ። በአንዷ የመነጽር ዓይን እያየሁ፣ ይህንን ብታይ እናቴ ምን ትል እንደነበር አስባለሁ። ደስ ሊላት ይችላል፤ ደስ ስላላትም ታፍር ነበር።

እንግዳዋ ግን አልመጣችም። በየጠዋቱ በረቱ ደጃፍ ላይ እፈልጋታለሁ።

የፈረንጆቹ ላሞች ወዲያው ገዢ አገኙ። ከሰንዳፋ በኩል የምትመጣ አንዲት ሴትዮ ናት የወሰደቻቸው። ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ቦት ጫማ ያደረገች፤ እጇ የአላቢ እጅ ነው፣ ጣቶቿ አጭርና ጠንካራ ናቸው። ራሷ አልባ ቀመሰች፣ ጥርሳቸውን አየች፣ ኮቴያቸውን ነካች። ቦቃ ጋ ስትደርስ አባቴ "ይቺ እንኳን ለሰው አትታለብም" አላት። እውነተኛ ሰው ነው፣ ማሳመር አይችልም። ሴትዮዋ ሳቀች፤ "እንግዲያው ባለትዳር ናት በለኛ!" ብላ ሄደች።

ከሷ በኋላ ለቄራ ከብት የሚያቀርብ ነጋዴ መጣ። ቦቃን በዓይኑ ብቻ መዘናት። ጀርባዋን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ "ሥጋዋ አይከፋም። ነገ ጠዋት ሰው እልካለሁ" አለ። አባቴ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። ነጋዴው ከወጣ በኋላ አባቴ ሳያየኝ "ምን ላድርግ? አራተኛ ፎቅ ላውጣት?" አለኝ። እናቴ በጨውና በዝምታ ያተረፈቻትን ላም ልንነዳት ነው። ከዚህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

በነጋታው የነጋዴው ሰው ከመምጣቱ በፊት ሴትዮዋ ሁለቱን ላሞች ልትጭን በአይሱዙ መጣች። ሹፌሩ ጣውላውን ሲያመቻች፣ ላሞቹ ሲገፉ፣ ሲንሸራተቱ፣ ቦቃ በረቱ ውስጥ ብቻዋን ታስራ ትጮኻለች። ሴትዮዋ "ይቺን ማን ወሰዳት?" አለች።

"ቄራ" አላት አባቴ።

"አይ! ወጣት ላም ብትሆን ኖሮ... በቃ፣ ምን ይደረጋል።"

ጣውላውን ወደ ላይ ሊያነሱት ነው። መኪናው ከሄደ አለቀ። እኔ ደግሞ ከማላውቀው ሰው ጋር በሕይወቴ ቀድሜ አውርቼ አላውቅም።

"ትታለባለች" አልኩ።

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። ሹፌሩ ሳይቀር ዞሮ አየኝ።

"ምን አልሽ የኔ ልጅ?" አለች ሴትዮዋ።

"ቦቃ ትታለባለች። እኔ አልባታለሁ። ይዩ።"

ገብቼ ሹራቡን ለበስኩ። ላሰችኝ፤ አለብኳት። ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ በር ላይ ቆማ ወተቱን አየች፤ ባልዲው እስከ ግማሽ ሲደርስ ከንፈሯን አሞጠሞጠች። "ወተቷስ ወተት ነው። ግን ለአንቺ ነዋ! እኔ አንቺንም አብሬ ልጫንሽ?" አለች። ከዚያ እኔን አስነስታ ራሷ ተቀመጠች። ገና እጇን ስትዘረጋ ቦቃ ረገጠቻት። "እያት! ሰው ታውቃለች እኮ! በሉ እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ ለሥጋ አልገዛም" ብላ ተነሳች።

ያኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ገባኝ። ግን ሹራቡን እንደለበስኩ ቆምኩ። አባቴም ገብቶታል መሰለኝ፤ አጠገቤ መጣና ዝግ ባለ ድምፅ "ተዪው" አለኝ።

"አባዬ..."

"ተዪው አልኩሽ። እሱ ብቻ ነው የቀረን።"

አባቴ ሹራቡን እንደሚያስብ እስከዚያች ቀን አላወቅኩም ነበር። አንድም ቀን ነክቶት አይቼ አላውቅም። ፊቱን አዙሮ ግርግሙን ያያል። ቦቃ ደግሞ ገመዷን ወጥራ ወደ መኪናው፣ ወደ ጓደኞቿ ትጮኻለች። ሁለቱን አንድ ላይ ማቆየት አይቻልም ነበር። ሹራቡን ባስቀረው ላሟ ትታረዳለች፤ እኔም ከዚያ በኋላ ሹራቡን ባየሁ ቁጥር የማየው መታረዷን ነው።

"አባዬ፣ እማዬ ብትሆን ታወልቀው ነበር" አልኩት።

"ተዪው" ብሎ አልደገመም።

አወለቅኩት። ለሴትዮዋ ሰጠኋት። "ይልበሱትና ይቀመጡ። መጀመሪያ ክንድዎን ትልስዎታለች፤ አይሽሹ" አልኳት። ተገርማ አየችኝ፤ ልትቀልድ አፏን ከፈተችና ተወችው። ሹራቡ ጠበባት፤ እጅጌው ክንዷ መካከል ላይ ቀረ፣ ጀርባው ተወጠረ። ተቀመጠች። ቦቃ አሸተተቻት። ረጅም ጊዜ አሸተተቻት። አንድ ጊዜ ቀና ብላ ወደ እኔ አየች፤ እኔ በረቱ ጥግ ላይ እጄን ደረቴ ላይ አጥፌ ቆሜያለሁ፣ ይበርደኛል። ከዚያ አንገቷን አዙራ የሴትዮዋን ክንድ ከክርኗ ወደ ላይ ላሰች። ወተቱ ወረደ።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። ጥቂት አልባ እጇን አቆመችና ሳትዞር "የማን ነው ሹራቡ?" አለች።

"የእናቴ።"

"አለች?"

"የለችም።"

"ነፍስ ይማር" አለች። ከዚያ ግንባሯን የቦቃ ሆድ ላይ አስደግፋ ማለቧን ጨረሰች።

ቦቃን ከሁለቱ ላሞች ጋር ጫኗት። ሴትዮዋ ሹራቡን እንደለበሰች ከሹፌሩ ጎን ገባች። ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ፤ "ደውዪ፣ እንዳታፍሪ" አለችኝ። ቦቃ ከጣውላው በላይ ግንባሯ ብቻ ይታይ ነበር። መኪናው ፍርስራሹን እየዞረ ሲሄድ ሳቢሳዎቹ ትንሽ መንገድ ተከተሉት፤ አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ተመለሱ።

የቄራው ሰው ሲመጣ አባቴ "ሄዳለች" ብቻ አለው።

እንግዳዋ ወፍ ላሞቹ ከሄዱ በኋላ ባሉት ቀናት በአንዱ መጣች። ዕቃ እያሰርን ነበር። በረቱ ደጃፍ ላይ አየኋት፤ ሆዷ እንደ ሁልጊዜው ቢጫ ነው። መነጽሩ ታሽጎ ስለነበር በዓይኔ ብቻ አየኋት። ጅራቷን እያወዛወዘች ወደ ውስጥ ሮጠች፣ ከግርግም ግርግም ዞረች፣ ወጣች፣ እንደገና ገባች። እበቱን ጠርገነው ነበር። ከብት ከሌለ ዝንብ የለም። ያን ሁሉ አገር አልፋ የመጣች ወፍ በባዶ በረት ውስጥ ምግብ ስትፈልግ ቆሞ ማየት ከባድ ነው። ልነግራት አልችልም። የግንቡ ጫፍ ላይ ወጥታ ትንሽ ቆየችና ወደ ወንዙ በረረች። እናቴ የሞተች ቀን ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩ።

አዲሱ ቤት ጥሩ ነው። ውሃ በሳምንት የተወሰነ ቀን ይመጣል፤ ፀሐይ በደንብ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልደን እንነቃና የምንሠራው ነገር እናጣለን። አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ያያል። የደረጃችን ጎረቤቶች ዳቦ ይዘው መጡ፤ በር ላይ ቆመው ሁሉም በአንድነት "እምቦሳ እሰሩ!" አሉን። አዲስ ቤት ለገባ ሰው የሚባል ነው፤ ደግ ምርቃት ነው፤ እኛም ለስንት ሰው ብለነዋል። አባቴ "አሜን፣ አሜን" እያለ ዳቦውን ተቀበለ። ወደ ወጥ ቤት ይዞት ሲገባ ግን ፊቱን ከኔ አዞረ። እምቦሳውን፣ ጥጃውን፣ የት ነው የምናስረው?

ከበረንዳው ወፍ አያለሁ። እንደ ድሮው አይደለም። ካዛንቺስ ሳለን ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ስለማይ የማውቀው የወፍ ሆድ ብቻ ነበር። እዚህ ጭላት ከኔ በታች ይበርራል። ጀርባው እንዲህ ቡናማ መሆኑን፣ ክንፉን ሲያዞር ላባዎቹ አንድ በአንድ እንደሚላወሱ የማውቀው አሁን ነው። ለእናቴ የምነግራት ብዙ ነገር ተጠራቅሟል።

ለሴትዮዋ ለመደወል ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ስልኩን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። በመጨረሻ ደወልኩ፤ ከወዲያ በኩል የላሞች ድምፅ ይሰማል።

"እንዴት ናት?" አልኳት። ሰላም ማለቱን ረሳሁት።

"ውይ አንቺ ነሽ! ደህና ናት! ወፍራለች ብታያት! ያኔ ሳምንት ያህል ሹራቡን እየለበስኩ አለብኳት። አሁንማ ለምዳኛለች፣ ያለሱም ትታለባለች። ሠራተኛዬም ያልባታል።"

"ያለሱም?"

"ያለሱም! ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅላለች። እንዲያውም ሹራቡን ሠራተኛዬ በኦሞ አጥባ አስጥታው ነበር፤ ሽታው ሁሉ ወጥቷል፣ ንጹሕ ሆኗል። ልላክልሽ እንዴ? ወደ ከተማ የሚመጣ ሰው አለ።"

የፈለግሁት ይህንን ነበር፤ ቦቃ እንድትኖር። እየኖረች ነው። ወፍራለች። በማንም እጅ ትታለባለች። ደስ ሊለኝ ይገባል፤ ደስም ብሎኛል መሰለኝ። ግን ከእናቴ ሌላ የማታውቅ አንዲት ፍጥረት በዓለም ላይ ነበረች፤ አሁን የለችም።

"ይቆይ። እዚያው ለሠራተኛዋ ይሁን፣ ብርድ ነው አይደል እዚያ" አልኳት።

"ብርድስ ብርድ ነው። እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ።"

ስልኩን ስዘጋ አባቴ በረንዳው በር ላይ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም።

"ሴትዮዋ ምን አለች?" አለኝ።

"ትታለባለች አለች። ወፍራለች።"

"ሹራቡን ለብሳላት ነው?"

አየሁት። እኔን ላለማየት ወደ ውጭ ያያል፤ እጁ የበረንዳውን ብረት ይዟል።

"አዎ፣ ሁልጊዜ እየለበሰችላት" አልኩት።

"ጥሩ" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ለራሱ እንደሚናገር፣ "ጥሩ" አለ።